ሶኬት ስንት? የትስ? ግድግዳው ሳይለሰን የመጡልን ኤሌክትሪሺያን፣ ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ሲገመገሙ

አዲሱ ቤታችን ከገባን ዓመት ከመንፈቅ ሆነን። የመጣ እንግዳ ሁሉ ቀለሙን ያያል፣ ወለሉን በእግሩ ይሞክራል፣ መስኮቱን ከፍቶ ይዘጋል። ሶኬቶቹን አይቶ አንድ ቃል የተናገረ ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። እኔ ግን በቀን አሥር ጊዜ የማመሰግነውም የማማርረውም እነሱን ነው።

ስለዚህ ይህ ግምገማ ስለ አንድ ሰው አገልግሎት ነው። ግድግዳው ገና ብሎኬት እያለ መጥተው፣ ስንት ሶኬት እንደሚያስፈልገንና የት የት እንደሚሆን አብረውን ቁጭ ብለው የወሰኑ፣ ኋላም ራሳቸው የዘረጉ ኤሌክትሪሺያን ናቸው። ጥፋታቸውንም ስለማነሳ ስማቸውን አልጽፍም። እኛ ቤት "ጋሼ" ነበር የምንላቸው፣ እዚህም ጋሼ ይሁኑ።

አንድ ነገር ቀድመን እንግባባ። በአፋችን ሶኬት የምንለው ግድግዳ ላይ ያለውንም፣ ገመድ ጫፍ ላይ ያለውንም ነው። እዚህ ሶኬት ስል የግድግዳውን ነው። የገመዱን መሰኪያ እለዋለሁ።

በፊት በኪራይ የኖርንበት ቤት ሳሎኑ ሁለት ሶኬት ብቻ ነበረው። አንዱ በሩ ሲከፈት ይደበቃል። ሌላው ሶፋው ጀርባ ነው። መኝታ ቤቱ አንድ ነበረው፣ እሱም ከአልጋው ማዶ። የቀረውን ኑሯችንን የተሸከመልን ኤክስቴንሽን ነው። ዕቃ ስንጠቀልል ቆጠርኳቸው። ሰባት! ሁለቱማ አንዱ ሌላው ላይ ተሰክተው፣ ቁም ሳጥኑ ሥር እንደ እባብ ተጠቅልለው ነው የተገኙት።

ከሰባቱ አንዱን አልረሳውም። ነጭ ነበር። ካውያ የምሰካበት ሦስተኛው ቀዳዳ ዙሪያው ቡናማ ሆኗል። በጥፍሬ ስነካው ፕላስቲኩ ተፈረፈረ። አሸተትኩት፤ ዓሣ ዓሣ ይላል። ጀርባው ላይ በትንሹ "10 አምፔር" ተጽፏል። ለዓመታት ከሱ አጠገብ ልብስ ስሰፋና ስተኩስ ኖሬ ያቺን ጽሑፍ ያነበብኳት ዕቃ ስጠቀልል ነው። በነገራችን ላይ ቤቴ ተቀምጬ መጋረጃና የአልጋ ልብስ እሰፋለሁ። ስለዚህ ካውያና የስፌት መኪና ለኔ የጌጥ ዕቃዎች አይደሉም።

ጋሼን የጠቆመን የባለቤቴ የሥራ ባልደረባ ነው። የመጀመሪያው ቀን ባዶ ቤት ውስጥ ተገናኘን። በእጃቸው ሜትር፣ ነጭ ጠመኔና አንድ የተጣጠፈ ወረቀት ይዘዋል። እኔ ተዘጋጅቼ ነበር የመጣሁት።

"ጋሼ፣ በየክፍሉ አራት አራት ቢሆን ይበቃናል አይደል?"

"አልጋችሁ በየት በኩል ነው ልጄ?"

"እሱን ገና አልወሰንንም።"

"እንግዲያው ሶኬቱንም ገና አልወሰናችሁም" አሉና የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ቁጭ አሉ።

እውነቱን ለመናገር ተናድጄ ነበር። ሰው ሥራ ሊሠራልኝ መጥቶ የቤት ሥራ ሰጥቶኝ ሄደ። የቤት ሥራው ደግሞ ይሄ ነው፦ በኪራዩ ቤት ያለውን ገመድ ያለው ዕቃ ሁሉ ጻፉ፣ ማታ የምትሰኩትንም፣ በዓመት አንዴ የምታወጡትንም። ከባለቤቴ ጋር ማታ ተቀምጠን ጻፍን። አሥራ አምስት ይሆናል ብዬ ነበር። 31 ወጣ። የጢም መላጫው፣ የፀጉር ማድረቂያው፣ ጓዳ ውስጥ የተረሳው ማራገቢያ፣ የመሰርሰሪያው ባትሪ ቻርጀር… ሰው ስንት ገመድ ተሸክሞ እንደሚኖር ጽፎ ካላየው አያምንም።

ጋሼ ዝርዝሩን ተቀብለው በእርሳስ ሦስት ቦታ ከፈሉት። የአገልግሎቱ ዋና ዋጋ ለኔ እዚህ ጋ ነው። አንደኛው ወገን አንዴ ከተሰካ የማይነቀለው ነው፦ ፍሪጅ፣ ልብስ ማጠቢያ፣ ቴሌቪዥን፣ ዋይፋይ። እነዚህ ለየራሳቸው ሶኬት ይኑራቸው፣ የሚታይም አይሁን። ሁለተኛው በየቀኑ የሚሰካና የሚነቀለው ነው፦ ቻርጀር፣ ካውያ፣ ውሃ ማፍያ፣ ላፕቶፕ። ይሄኛው ቆመህ ወይም ተቀምጠህ እጅህ የሚደርስበት ቦታ መሆን አለበት፤ ጎንበስ የሚያስብል ከሆነ ኤክስቴንሽን መግዛትህ አይቀርም። ሦስተኛው አልፎ አልፎ የሚወጣው ነው፦ ቫኪዩም፣ መሰርሰሪያ፣ ማራገቢያ። ለሱ በየክፍሉ በር አጠገብ አንድ ይበቃል።

እኔ ለካ ሳስብ የኖርኩት ክፍሉን ነው። እሳቸው የሚያስቡት የዕቃውን ጠባይ ነው።

በሁለተኛው ቀን ወለሉ ላይ በጠመኔ የቤት ዕቃ ሣሉ። የአልጋው ስፋት፣ የሶፋው ርዝመት፣ የቁም ሳጥኑ ጥልቀት፣ በሮቹ ሲከፈቱ የሚሄዱበት ግማሽ ክብ ጭምር። ባለቤቴን "አንተ ፍሪጅ ነህ" ብለው ጥግ ላይ አቆሙት። "በርህን ክፈት" ሲሉት እጁን ዘረጋ፣ ከግድግዳው ጋር ተጋጨ። ፍሪጁ በዚያው 20 ሳንቲሜትር ወደ ግራ ሄደ፣ ሶኬቱም አብሮት። ያን ቀን የሳቅነውን ያህል በዚያ ቤት ግንባታ ላይ ስቀን አናውቅም።

እንግዲህ ቁጥሩ። ነጥብ የሚሉት አንዷን የግድግዳ ሳጥን ነው፤ አንድ ነጥብ ባለ አንድ አፍም ባለ ሁለት አፍም ሊሆን ይችላል። ሳሎን 7፣ ሁለቱ መኝታ ቤቶች 5፣ 5፣ ወጥ ቤት 8፣ በረንዳ 1። በድምሩ 26። ከፍሪጅ፣ ከልብስ ማጠቢያና ከመሳሰሉት በቀር ሁሉም ባለ ሁለት አፍ ነው። "ሳጥኑ ከተቀበረ ወዲያ አንድ አፍ መጨመር ምንም ድካም የለውም" ብለው ነው።

26 ሲሉኝ በዛብኝ። እኔ ደግሞ ሰው ሲነግረኝ ዝም ብዬ የማምን ሰው አይደለሁም። ሌላ አገር ደንቡ ምን ይላል ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። የፈረንሳይ ደንብ ለመኝታ ቤት ቢያንስ 3 ሶኬት ያዛል። ለሳሎን በየ4 ካሬ ሜትሩ አንድ፣ ከ5 ሳያንስ። ለወጥ ቤት 6፣ ከነሱ ውስጥ 4ቱ ከመሥሪያ ጠረጴዛው በላይ። አሜሪካኖቹ በክፍል አይቆጥሩም፣ በግድግዳ ርዝመት ነው የሚሄዱት። ከግድግዳው ሥር የትም ብትቆም ሶኬት ከ1.8 ሜትር በላይ ሊርቅህ አይገባም። በነሱ ልኬት 6 ጫማ መሆኑ ነው። የአንድ ተራ መብራት ገመድ ያን ያህል ስለሚረዝም፣ የትም ብታስቀምጠው ያለ ኤክስቴንሽን እንዲደርስ ታስቦ ነው። በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ርቀቱ ወደ 60 ሳንቲሜትር ይወርዳል።

እነዚህን ደንቦች ቤታችን ላይ ሳስቀምጣቸው የጋሼ 26 ብዙም የተጋነነ አልሆነም። ሁሉም ደንብ ግን ዝቅተኛውን ነው የሚናገረው። ከዚህ በታች አትውረድ ይላል እንጂ አልጋህ የት እንዳለ አያውቅም።

ሌላው ያሳሰበኝ ጭነቱ ነበር። "ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ሶኬት ቤቱን አያቃጥለውም?" አልኳቸው። ሳቁ። ሶኬት በራሱ ምንም አይበላም። ባዶ የተቀመጠ ሶኬት የግድግዳ ቀዳዳ ነው፣ በቃ። የሚጫነው የሚሰካው ዕቃ ነው። እንዲያውም የሶኬት ማነስ ነው ሰውን አንድ ቀዳዳ ላይ ሦስት ነገር የሚያስሰካው።

ሒሳቡንም በጠመኔ ብሎኬቱ ላይ ጻፉልኝ። በ230 ቮልት 10 አምፔር ማለት 2300 ዋት ነው። ካውያዬ ላይ ያለው ጽሑፍ 2200 ይላል። ስለዚህ ያ ነጭ ኤክስቴንሽን ካውያዋን ብቻዋን ነው የሚችለው፣ እሱም በጭንቅ። እኔ ደግሞ ጎኗ የስፌት መኪናውን፣ መብራቱንና ሬዲዮውን ሰክቼባት ነበር። ላይ በላዩ ቀዳዳው ላልቶ ነበር። የላላ ግንኙነት ደግሞ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይበልጥ ይላላል። የዓሣው ሽታ ከዚያ ነው የመጣው።

የግድግዳ ሶኬቶቻችን መስመር በ16 አምፔር ብሬከር ነው የተያዘ፣ ወደ 3680 ዋት ይሆናል። የሽቦው ውፍረት 2.5 ካሬ ሚሊሜትር፣ የመብራቱ 1.5 ነው። ልብ በሉ፣ 3680 የአንድ ሶኬት ብቻ አይደለም። በዚያ መስመር ላይ ያሉት ሶኬቶች ሁሉ የሚካፈሉት ነው። ውሃ ማፍያው 2200፣ ማይክሮዌቩ 1200 ቢወስዱ አብረው ለትንሽ ያልፋሉ። ሦስተኛ ሲጨመር ብሬከሩ ይወርዳል። ስለዚህ ወጥ ቤቱን ጋሼ ለሁለት መስመር ከፈሉት፤ ምድጃው ደግሞ ለብቻው ወፍራም ሽቦና የራሱ ብሬከር አለው። ጠረጴዛው ላይ ካሉት አራት ነጥቦች ሁለቱ ከአንዱ መስመር፣ ሁለቱ ከሌላው ናቸው፣ አንድ እያለፉ። በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ወጥ ቤት ብሬከር ወርዶብን አያውቅም። በኪራዩ ቤት ግን ጠዋት ጠዋት "ማነው የሰካው?" መባባል ልማዳችን ነበር።

በአጠቃላይ ወጥ ቤቱ የሥራቸው ቁንጮ ነው። ሶኬቶቹ ከጠረጴዛው 15 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ብለው ነው የተተከሉት፣ ስለዚህ መሰኪያው ከተቆለለው ዕቃ ጋር አይጋፋም። ከቧንቧው ራቅ ብለዋል፣ ከምድጃው በላይ አንድም የለም። ጥግ ላይ አንድ ይሁንልኝ ስላቸው "ጥግ ላይ ዕቃ ይቆማል እንጂ ሰው አይሰካም" አሉኝ። ልክ ናቸው። ጥጉ አሁን ትልቁ ማሰሮ የሚቀመጥበት ነው። የፍሪጁ ሶኬት ቀጥታ ጀርባው ላይ አይደለም፤ ጎኑ ካለው ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። መንቀል ሲያስፈልግ ፍሪጅ አይጎተትም፣ በሩን ከፍቼ እነቅለዋለሁ።

የቴሌቪዥኑም ግድግዳ ጥሩ ነው። አንድ ነጥብ ከፍ ብሎ ቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ ሌላው ዝቅ ብሎ ለሪሲቨሩና ለዋይፋዩ። በሁለቱ መሃል ወፍራም ባዶ ቱቦ ግድግዳ ውስጥ ተቀብሯል፣ የምስል ገመዱ በሱ ያልፋል። አንድ ቅሬታ አለኝ። የዋይፋዩ መሰኪያ ያ ወፍራም ጥቁር ሳጥን ስለሆነ አጠገቡ ያለውን አፍ ይሸፍነዋል። ባለ ሁለት አፉ በተግባር ባለ አንድ አፍ ሆነብን።

መታጠቢያ ቤቱ ላይ ተጣልተናል ማለት ይቻላል። እኔ መስታወቱ ሥር ለፀጉር ማድረቂያዬ ሶኬት ፈለግሁ። እሳቸው እምቢ አሉ። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ከሻወሩ እስከ መስታወቱ እጅ ቢዘረጋ ይደርሳል። "ሌላ ሠራተኛ ያደርግልሻል፣ እኔ ግን አላደርግም" አሉ። መስታወትና ሶኬቱን መኝታ ቤት፣ ከመታጠቢያው በር ወጣ ብሎ አደረጉልኝ። በጊዜው ግትር መስለውኝ ነበር።

በምትኩ ብሬከር ሳጥኑ ውስጥ አንድ ነገር አስገቡ። ኤሌክትሪክ ሲያፈስ በራሱ የሚቆርጥ መሣሪያ ነው። የሚሠራበት መንገድ ደስ ይለኛል። በአንዱ ሽቦ የሄደውንና በሌላው የተመለሰውን ያነጻጽራል። እኩል ከሆኑ ዝም ይላል። ልዩነቱ 30 ሚሊአምፔር ከደረሰ፣ የጎደለው በሰው ገላ ወይም በሌላ መንገድ ወደ መሬት እየሄደ ይሆናል ብሎ በቅጽበት ይቆርጣል። በአሜሪካ በ1961 እ.ኤ.አ. የዚህን መሣሪያ ዓይነት የፈጠረው ቻርልስ ዳልዚል የሚባል የበርክሌይ ፕሮፌሰር ነው። ኤሌክትሪክ በሰው ገላ ላይ ምን እንደሚያደርግ ለዓመታት ያጠና ሰው ነው። መሣሪያው የመፈተሻ ቁልፍ አለው። ጋሼ በየጊዜው ተጫኑት ብለውናል። እኔ የቤት ኪራይ ስከፍል ኖሬ ስለለመድኩ፣ አሁንም ወር በገባ ቁጥር እጫነዋለሁ። ጠቅ ብሎ ቤቱ ሁሉ ይጠፋል፣ ባለቤቴ ከሳሎን ይጮኻል፣ መልሼ አበራዋለሁ።

እዚህ ድረስ ምስጋና ነው። አሁን ወደ ቅሬታው።

ትልቁ ጥፋት መኝታ ቤት ነው። ከአልጋው ግራና ቀኝ ባለ ሁለት አፍ ሶኬት አለ፣ ቦታውም ልክ ነው። ቁመቱ ግን 30 ሳንቲሜትር። ጋሼ "መደበኛው ይሄ ነው" አሉ፣ እኛም ራሳችንን ነቀነቅን። የራስጌ ኮመዲናው መጥቶ ሲቀመጥ ሶኬቱን ሙሉ በሙሉ ዋጠው። ማታ ማታ እኔ በሆዴ ተኝቼ፣ እጄን ከኮመዲናውና ከግድግዳው መሃል አስገብቼ፣ በጣቴ ቀዳዳ እፈልጋለሁ። ጉንጬ ምንጣፍ ላይ ነው። አንድ ቀን ቻርጀሩን የሰካሁ መስሎኝ ተኛሁ፣ ጠዋት ስልኬ ሞቶ አገኘሁት። መሆን የነበረበት ከኮመዲናው ፊት ከፍ ብሎ፣ ወደ 70 ሳንቲሜትር ግድም ነበር። ሰው ተኝቶ እጁን ሲዘረጋ የሚያርፍበት ቦታ። ሁሉን ዕቃ ወለል ላይ በጠመኔ ሣልን፣ ግድግዳ ላይ ግን አንድም አልሣልንም። ስፋቱን እንጂ ከፍታውን አላሰብነውም።

30 የሚባለውም ቁመት ቢሆን የሃይማኖት ቃል አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ አዲስ በሚሠራ ቤት ሶኬት ከወለል በ450 ሚሊሜትርና በ1200 ሚሊሜትር መካከል እንዲሆን ነው የሚፈለገው። ጎንበስ ማለት የማይችል ወይም በዊልቸር የሚንቀሳቀስ ሰው እንዲደርስበት ነው። አማቴ መጥተው ሲሰነብቱ ወገባቸውን ይዘው ሶኬት ሲፈልጉ ሳይ ነገሩ ገባኝ። በነዚያ 15 ሳንቲሜትሮች ምክንያት ስልካቸውን የምሰካላቸው እኔ ነኝ።

ሁለተኛው ኮሪደሩ ነው። አንድም ሶኬት የለውም ነበር። ማንም ኮሪደር ውስጥ አይኖርምና ማንም አላሰበውም። ቫኪዩም ግን ኮሪደር ይጠርጋል። ከስድስት ወር በኋላ ጋሼ አንድ ነጥብ ሊጨምሩ ተመልሰው መጡ። ግድግዳው ብሎኬት እያለ ቢሆን የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። አሁን ግን መቁረጫው ሲነሳ ቤቱ ጭጋግ ለበሰ። በር ዘግተን፣ ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ ወትፈን፣ አቧራው መንገዱን አላጣም። ለደንበኛ የጨረስኩት ነጭ መጋረጃ ላይ አረፈ። ግድግዳውን እንደገና መለሰን፣ ማድረቅ፣ ቀለም መቀባት ሲባል ሁለት ቀን ሙሉ ሄደ፣ ቀለሙም እስከ ዛሬ በጎን ሲታይ ይለያል። ለድጋሚው ሥራ የእጅ ዋጋ አልተቀበሉኝም። "ኮሪደሩን እኔ ነኝ የረሳሁት" አሉ። ይህን ጥፋታቸውን ስጽፍ ይህን አለመጻፍ ነውር ነው።

ሦስተኛው ጥፋት የራሴ ነው። ዩኤስቢ ያለበት ሶኬት አይቼ ዓይኔ ቀረ። ቻርጀር ራስ የማይፈልግ፣ ገመዱን ብቻ ቀጥታ ግድግዳ ላይ! ጋሼ "ግድግዳ ሃያ ዓመት ይቆያል፣ ስልክ ሦስት ዓመት" ብለው አስጠነቀቁኝ። አልሰማሁም፣ ሦስት ገዛሁ። እንደ ዕቃ ስገመግመው፣ ተራ ሶኬትነቱ ምንም አይወጣለትም። ዩኤስቢው ግን ለሁለቱም ቀዳዳ በጠቅላላ 2.1 አምፔር ነው። በ5 ቮልት 10 ዋት ተኩል። አንድ ስልክ ሲሰካበት ደህና ነው። ሁለተኛ ሲጨመር ሁለቱም ያንቀላፋሉ። ይባስ ብሎ ሰፊው የድሮው ቀዳዳ ነው። አዲሱ ስልኬ ይዞት የመጣው ገመድ በሁለቱም ጫፍ ዩኤስቢ ሲ ነው። የአውሮፓ ኅብረትም ከዲሴምበር 2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በገበያው የሚሸጥ አዲስ ስልክ በዩኤስቢ ሲ እንዲሞላ አስገድዷል። ወደ ሰፊው ቀዳዳ የሚመልሰን ያለ አይመስልም። የኔ ሦስቱ ሶኬቶች ግድግዳው ላይ ተገትረው ያዩኛል። ተራውን ባለ ሁለት አፍ አስተክሉ፣ የቻርጀሩን ራስ ለየብቻ ግዙ። ሲያረጅ ይጣላል፣ ግድግዳ አይነካም።

ስለ ዕቃ ካነሳሁ አንድ የወደድኩት አለ። ቀዳዳዎቹ ውስጥ መከለያ ያላቸው ሶኬቶች ናቸው ያስገቡልን። ሁለቱም እግር እኩል ካልገፉት አይከፈትም። የእህቴ ልጅ ሁለት ዓመቷ ነው። የፀጉር ሽቦ ይዛ ስትሞክር በዓይኔ አይቻለሁ፣ አልገባላትም። መጀመሪያ ሰሞን መሰኪያ ለማስገባት ጠንከር ማድረግ ይጠይቃል። ያን ቀን ካየሁ ወዲህ ስለ ጥንካሬው አፌን ዘግቻለሁ።

ኮከብ ስጡ ካላችሁ፣ ለጋሼ ከአምስት አራት። አንዷን የቀነስኩት ለመኝታ ቤቱ ቁመት ነው። እሷንም ለኮሪደሩ ሲመለሱ ግማሹን መልሰዋታል። ለዩኤስቢ ሶኬቶቹ ሁለት፣ እሱም በቸርነት።

የቀረችን ኤክስቴንሽን አንድ ናት። ከሰባት አንድ። እሷም የስፌት መኪናዬ የሚሰካባት ናት። ጋሼ "ስፌቱ የት ነው?" ሲሉኝ ሳልጠራጠር የሳሎኑን የቀኝ ጥግ አሳየኋቸው። እዚያ አደረጉልኝ። ቤቱ ሲያልቅ ብርሃኑ የሚገባው በግራው መስኮት ሆኖ ተገኘ። ጥቁር ጨርቅ ላይ ጥቁር ክር በጨለማ ጥግ አይሰፋም። ጠረጴዛዬን ወደ መስኮቱ ወሰድኩ፣ ሶኬቱ ጥጉ ላይ ቀረ። ሦስት ሜትር ገመድ በግድግዳው ሥር ይሄዳል። ጠዋት ጠዋት እሱን ተሻግሬ ነው ሥራ የምገባው።

ይህን ለመጻፍ ብዬ ባለፈው ሳምንት የግንባታውን ፎቶዎች አወጣሁ። ልስን ሊጀመር ሲል ጋሼ እያንዳንዱን ግድግዳ ሜትር ዘርግታችሁ ፎቶ አንሱ ብለውን ነበር። ወደፊት ሥዕል ስትሰቅሉ ሚስማሩ ሽቦ ላይ እንዳያርፍ ነው። ብዙ ጊዜ ጠቅሞናል። የቁመቶቹን ልኬት ለማረጋገጥ አንድ በአንድ እያየሁ፣ የሳሎኑ የግራ ግድግዳ ላይ አንድ ነገር አየሁ። ከመስኮቱ ጎን አንድ ቱቦ ይወርዳል፣ ጫፉ ላይ ሳጥን አለ። ከ26ቱ ውስጥ የለም። ደግሜ ቆጠርኩ። የለም።

ሄጄ መጋረጃውን ገለጥኩት። ወለል የሚነካ፣ ወፍራም፣ እኔው ራሴ የሰፋሁት መጋረጃ ነው። ከጀርባው፣ ጉልበቴ ግድም፣ በግድግዳው ቀለም የተቀባች ባዶ ክዳን አለች። ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ከወንበሬ አንድ ክንድ የማይሞላ ርቀት ላይ ነበረች።

ስልክ ደወልኩላቸው። "ጋሼ፣ መስኮቱ ጋ ያለችው ምንድን ናት?"

"ባዶ ናት፣ ሽቦ አላስገባሁባትም። ሰፊ ሰው ብርሃን ይከተላል ብዬ ነው" አሉ። "ጠረጴዛሽን አዛወርሽው እንዴ?"

ቅዳሜ ይመጣሉ። ግድግዳ አይቆረጥም፣ ሽቦ ብቻ ነው የሚጎተተው። እኔም መጋረጃውን በዚያ በኩል አንድ ስንዝር ላሳጥረው ፈትቼዋለሁ።